የቤትዎን ጨው ለክቶ መቀነስ፦ ለደም ግፊት፣ ለእንቅልፍና ለጭንቀት የሚረዳ የአሠራር መመሪያ

ከደብረ ብርሃንና ከመንዝ ወረዳዎች፣ ከደብረ ሲናና ከሸዋ ሮቢትም የሚመጡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ጨው ቀንሱ ተባልን፤ ግን ስንት ነው የምንቀንሰው? እንዴትስ አድርገን?» ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ «ጨው ጭንቀትን ያባብሳል የሚባለው እውነት ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ተጨምሯል። ለሁለቱም በአንድነት መልስ እንዲሆን ይህን መመሪያ አዘጋጅቻለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ጭንቀቱ የሚታወቀውን በልኩ መያዝ ያስፈልጋል። በ2022 እ.ኤ.አ. የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ጨው የበዛበት መኖ የተመገቡ አይጦች በዕረፍት ላይ ሳሉ እንኳ በደማቸው ውስጥ ያለው የጭንቀት ሆርሞን ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የሚያስጨንቅ ነገር ሲገጥማቸውም ሆርሞኑ የጨመረው የተለመደ መኖ ከተመገቡት በእጥፍ ነበር። ይህ የታየው በአይጥ ላይ ስለሆነ «ጨው ብቀንስ ጭንቀቴ ይለቀኛል» ብሎ መደምደም አይቻልም። በሰው ላይ በሚገባ የተረጋገጠው ሌላ ነው፤ ጨው ሲበዛ ሰውነት ውኃ ይይዛል፣ በደም ሥር ውስጥ የሚዘዋወረው ፈሳሽ ይጨምራል፣ የደም ግፊትም ከፍ ይላል። ማታ የተበላ ጨው ደግሞ ሌሊት ያስጠማል፣ ለሽንትም ያስነሣል፤ እንቅልፉ እየተቆራረጠ ያደረ ሰው በማግሥቱ ለትንሹም ነገር መቆጣቱና መጨነቁ አይቀርም። እንግዲህ ጨው መቀነስ ለጭንቀት የሚረዳው በአብዛኛው በእንቅልፍና በደም ግፊት በኩል ነው፤ ጥቅሙም ለድካሙ የሚበቃ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፤ ይኸውም አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ያህል ማለት ነው። በዚህ ልክ ውስጥ የሚቆጠረው ወጥ ላይ የሚጨመረው ጨው ብቻ ሳይሆን በበርበሬው፣ በሽሮው፣ በዳቦው፣ በቆሎውና በቡናው የሚገባው ሁሉ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• አዮዲን ያለው፣ በላስቲክ የታሸገ የገበታ ጨው
• ክዳን ያለውና እርጥበት የማያስገባ የጨው ዕቃ
• አንድ የሻይ ማንኪያ (ሁልጊዜ ያው አንዱ፣ የማይቀየር)
• አንድ ባዶ የቡና ሲኒ፣ ለዕለቱ ጨው መስፈሪያ
• የኩሽና ሚዛን፤ ከሌለ ጨው የሚገዙበት ሱቅ ሚዛን ይበቃል
• ደብተርና እስክሪብቶ
• ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቃሪያ፣ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሰናፍጭ፤ ከእነዚህ በቤትዎ ያለው
• የደም ግፊት የሚለካበት ቦታ፤ ጤና ጣቢያ ወይም መለኪያው ያለው ጤና ኬላ

ከመጀመርዎ በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ማስጠንቀቂያዎች

የሚከተሉት ሰዎች በጤና ባለሙያ ሳይመከሩ የጨው አወሳሰዳቸውን በራሳቸው መለወጥ የለባቸውም። ሊቲየም የተባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጨው በድንገት ቢቀንስ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ይጠራቀምና ሊመርዘው ይችላል። የሽንት ማብዣ መድኃኒት የሚወስዱ፣ በተለይም በዕድሜ የገፉ ሰዎች፣ ከሐኪማቸው ጋር መነጋገር አለባቸው። ተቅማጥ ወይም ትውከት ያለበት ሰው ከሰውነቱ ጨውና ውኃ እየወጣ ስለሆነ ኦአርኤስ ይጠጣ፤ ይህ መመሪያ የሚያገለግለው ሲድን ነው። ከጣርማ በር ወርዶ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ ቆላ በፀሐይ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ሰውም በላብ ጨው ስለሚያጣ ቅነሳውን ቀስ ብሎ ያድርገው፤ ራስ ምታት፣ የጡንቻ መሸማቀቅና መዛል ከታየበት ቅነሳውን አቁሞ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ጨው ቀነስኩ ብለው መድኃኒቱን አያቋርጡ። መጠኑ ሊቀነስ የሚችለው ልኬቱ ታይቶ በሐኪም ውሳኔ ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ ቤትዎ አሁን ስንት ጨው እንደሚያወጣ ይወቁ

ምላስ ጥሩ መለኪያ አይደለም፤ የለመደውን ልክ ነው የሚለው። ስለዚህ ልኬቱ የሚጀመረው ከጨው ዕቃው ነው። አንድ ኪሎ ጨው ሲከፍቱ ቀኑን በደብተርዎ ይጻፉ፤ ሲያልቅም ይጻፉ። ከዚያ 1000 ግራሙን ለቀኖቹ ቁጥር፣ ያገኙትን ደግሞ ለቤተሰቡ ቁጥር ያካፍሉ፤ ለዚህ ሒሳብ ሁለት ልጆችን እንደ አንድ አዋቂ መቁጠር ይበቃል።

ለምሳሌ አራት አዋቂዎች ባሉበት ቤት አንድ ኪሎ ጨው በ25 ቀን ካለቀ በቀን 40 ግራም፣ ለአንድ ሰው 10 ግራም ወጥቷል ማለት ነው፤ ይህም ከሚመከረው እጥፍ ነው። በ5 ግራም ልክ ቢሆን ያው ኪሎ ለአራት ሰው 50 ቀን፣ ለአምስት ሰው 40 ቀን፣ ለስድስት ሰው 33 ቀን ይቆይ ነበር። ከቤት ውጭ የሚበላ ዳቦና ሌላ ምግብም ጨው ስላለው፣ ለጤና ተስማሚ በሆነ ቤት ኪሎው ከዚህም በላይ መቆየት ይገባዋል።

ሒሳቡ እውነተኛ እንዲሆን ለከብት የሚሰጠውን ጨውና ቆዳ ለማቆየት የሚነሰነሰውን ጨው ከቤቱ ጨው ፈጽመው ይለዩ። የሚለዩት ለሒሳብ ብቻ አይደለም፤ የከብት ጨው ብዙ ጊዜ አዮዲን የለውም፤ ስለዚህ ወደ ወጥ እንዳይገባ ዕቃውም ቦታውም የተለየ ይሁን።

ደረጃ 2፦ በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጅ ጨውን ለብቻ ያቆዩ

ሰፊው ሥራ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ በጥንቃቄ ይመልከቱት። በብዙ ቤት በርበሬ ሲደለህ ወይም ሲፈጭ፣ ሽሮም ሲዘጋጅ ጨው አብሮ ይገባል። የዓመቱ ወይም የግማሽ ዓመቱ በርበሬ በአንድ ቀን ስለሚዘጋጅ በዚያ ቀን የተጨመረ ጨው እስከሚያልቅ ድረስ በየዕለቱ ይበላል፤ ወጥ የሚሠራው ሰው ግን በርበሬው ውስጥ ያለውን ሳይቆጥር እንደገና ጨው ይጨምራል። በአንድ ድስት ሁለት ጊዜ፣ ሽሮ ሲሆንማ ሦስት ጊዜ ጨው የሚገባበት ምክንያት ይህ ነው።

በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው፤ በ10 ኪሎ በርበሬ 1 ኪሎ ጨው ከገባ ከእያንዳንዱ 11 ግራም የበርበሬ ዱቄት አንዱ ግራም ጨው ነው። አምስት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ የሚገባበት ድስት ጨው ሳይጨመርበት 3 ግራም ያህል ጨው ይዟል ማለት ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ዝግጅት የሚከተለውን ያድርጉ።

ሀ) በርበሬው ከነቅመሙ ያለ ጨው ይደለህ፣ ይድረቅ፣ ይፈጭ። «ጨው ከሌለው ይበላሻል» የሚል ስጋት ይነሣል። በርበሬን ከሻጋታ የሚጠብቀው በደንብ መድረቁና በደረቅ ዕቃ መቀመጡ ነው። ስለዚህ ድልሁ በንጹሕ ነገር ላይ ሳስቶ ተሰጥቶ እስከ ውስጡ ይድረቅ፤ በእጅ ሲፈረፈር እርጥበት የሚሰማ ከሆነ ወደ ወፍጮ አይውሰዱት። የሻገተውን ደግሞ ለቅሞ ማስቀረት እንጂ አድርቆ መፍጨት አይገባም፤ የሻጋታው መርዝ በፀሐይም በወፍጮም አይጠፋም።

ለ) ሽሮውም እንዲሁ ያለ ጨው ይፈጭ። በጾም ወራት ሽሮ በየዕለቱ ስለሚቀርብ፣ ከሽሮው የሚቀነሰው ጨው ከሌላው ሁሉ ይበልጣል።

ሐ) ቀደም ሲል የተዘጋጀ ጨው ያለበት በርበሬ ካለዎት አይጣሉት። እስኪያልቅ ድረስ ቀይ ወጥ ላይ ሌላ ጨው አይጨምሩ፤ ወይም ጨው ከሌለው በርበሬ ጋር እኩል ደባልቀው ይጠቀሙበት።

መ) ሚጥሚጣ፣ አዋዜና ዳጣ ላይም ያው ሥርዓት ይሠራል። ድንች ቅቅልና ሥጋ በሚጥሚጣ ሲቀርብ ጨው የሌለበት ሚጥሚጣ ይሁን፤ ጨው የሚፈልግ በተለየ ዕቃ ከቀረበለት ቁንጥር ይውሰድ።

ደረጃ 3፦ የዕለቱን ጨው ጠዋት ይስፈሩ

ጠዋት የዕለቱን ጨው በማንኪያው ሰፍረው በቡና ሲኒው ውስጥ ያስቀምጡ፤ ለወጥ፣ ለቂጣ፣ ለቆሎ፣ ለቡናም የሚወሰደው ከሲኒው ብቻ ይሁን። ሲኒው ባዶ ከሆነ የዚያ ቀን ጨው አልቋል። ይህ አሠራር ከምላስ ይልቅ ዓይን እንዲፈርድ ስለሚያደርግ፣ በቤት ውስጥ ከአንድ በላይ ሰው ወጥ የሚሠራ ከሆነም ጨው በላይ በላይ እንዳይደራረብ ይከላከላል። እንግዳ ሲመጣ ለእንግዳው ቁጥር ሌላ ማንኪያ ይጨመር፤ ልኩ በሰው ነውና።

ቅነሳው በአንድ ጊዜ አይሁን። ከላይ በምሳሌው ያለው ቤት በቀን 40 ግራም፣ ማለትም ስምንት የሻይ ማንኪያ፣ የሚያወጣ ከሆነ ከስምንት ወደ ሰባት ይውረድና ሁለት ሳምንት ይቆይ፤ ከዚያ ስድስት፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ አራት። እንዲህ ከሆነ ሁለት ወር ሳይሞላ ወደ ልኩ ይደርሳል። ቀስ የሚባልበት ምክንያት ምላስ ያነሰ ጨው ለመልመድ ሳምንታት ስለሚፈልግ ነው፤ ከለመደ በኋላ ግን የድሮው ወጥ ራሱ ይጎመዝዘዋል።

የድንጋይ ጨው ወይም ሻካራ ጨው የሚጠቀሙ ከሆነ መጀመሪያ አድቅቀው በሚዛን አንድ ጊዜ ይመዝኑት። የሻካራ ጨው ማንኪያ በእህሎቹ መካከል አየር ስላለው ከደቃቁ ያነሰ ስለሚመዝን፣ ሳይመዘን የተያዘ ልክ ያሳስታል።

ደረጃ 4፦ ጨውን ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨምሩ

ወጥ በፈላ ቁጥር ውኃው ስለሚተን መጀመሪያ ልክ የነበረው ጨው መጨረሻ ላይ ይበዛል፤ ከበዛ በኋላ ደግሞ መመለሻ የለውም። ዘግይቶ መጨመር ሁለተኛ ጥቅምም አለው፤ አዮዲን በረጅም ፍላት ስለሚቀንስ ሊወርድ ሲል የገባ ጨው አዮዲኑን ጠብቆ ይቀርባል። እንቅርት በሚታይበት ደጋ አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሲቀምሱም በማንኪያ አውጥተው ትንሽ ያቀዝቅዙት፤ የተቃጠለ ምላስ ጨውን አይለይምና።

ደረጃ 5፦ የጎደለውን ጣዕም በሌላ ይሙሉ

ጨው ብቻ ተቀንሶ ሌላው እንዳለ ከተተወ ወጡ ባዶ ይሆናል፤ ቤተሰቡም በሦስተኛው ቀን ወደ ድሮው ይመለሳል። ከሁሉ የሚበልጠው ምትክ ኮምጣጣ ነው። ወጡ ከወረደ በኋላ የሚጨመቅበት ግማሽ ሎሚ ጥቂቱ ጨው በምላስ ላይ ጎልቶ እንዲሰማ ያደርጋል። ሽንኩርቱን ሳይቸኩሉ በደንብ ማቁላላት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን ጨመር ማድረግ፣ ኮረሪማውንና በሶብላውን መጨረሻ ላይ ነስነስ ማድረግም ይረዳል። ለጾም ባቄላና ምስር ሰናፍጭ በጣም ይስማማል።

ደረጃ 6፦ ቡናውን፣ ቆሎውንና በሶውን አይርሱ

በገጠሩ ቡና በጨው የሚጠጣባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ቁንጥር ጨው እንደ ጣቱ ቢለያይም የግራም ሲሶ ያህል ይመዝናል፤ ከአቦል እስከ በረካ ሦስት ሲኒ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ከተጠጣ ወደ 2 ግራም ይጠጋል። ይህ የዕለቱ ልክ ሲሶ የሚበልጥ ነው፤ ምንም ሳይበላ። ጨውን ከሲኒው ወደ ጀበናው ማዛወር አይጠቅምም፤ በየሳምንቱ ከቁንጥሩ መቀነስ ግን ይጠቅማል። ጤና አዳም በቡናው ላይ ማድረግ ለብዙዎች ጨውን ያስረሳል።

ቆሎ ሲቆላ የጨው ውኃ ከመርጨት ይልቅ ገብሱን ከሱፍ ወይም ከሽምብራ ጋር መቀላቀል ጣዕሙን ይሞላዋል። በሶና ንፍሮ ላይም ጨውን በቁንጥር እንጂ በእፍኝ አይጨምሩ።

ደረጃ 7፦ ከሱቅ የሚገዛውንና ቋንታን ይፈትሹ

የወጥ ማጣፈጫ ኩብ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ጨው ነው፤ ኩቡ ከገባ ጨው አይገባም። ልጆች የሚወዱት ኢንዶሚ ጨዉ በአብዛኛው በትንሿ የቅመም ከረጢት ውስጥ ስላለ ግማሿን ብቻ ይጠቀሙ። በማሸጊያው ላይ «ሶዲየም» ተብሎ በሚሊግራም የተጻፈ ቁጥር ካለ በ2.5 ያባዙት፤ የሚያገኙት የጨው መጠን ነው። 800 ሚሊግራም ሶዲየም ማለት 2 ግራም ጨው ማለት ነው።

ቋንታ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። የቋንታው ጨው ሥጋውን ከመበላሸት የሚጠብቅ ስለሆነ ሲዘጋጅ አይቀንሱት። ሊሠሩት ሲሉ ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፈው ውኃውን ይድፉት፤ ወጡ ላይም ሌላ ጨው አይጨምሩ።

ደረጃ 8፦ የእራቱን ጨው አስቀድመው ይቀንሱ

ቅነሳውን ከየትኛው ማዕድ ልጀምር ለሚል መልሴ ከእራት የሚል ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የጃፓን ናጋሳኪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያቀረቡት ጥናት፣ የሌሊት ሽንት ያስቸግራቸው የነበሩ ሰዎች የዕለት ጨዋቸውን ከ10.7 ወደ 8 ግራም ሲቀንሱ፣ ሌሊት የሚነሡት ከ2.3 ወደ 1.4 ጊዜ እንደ ወረደ አሳይቷል። ስለዚህ ማታ አልጫ፣ አትክልት ወይም ጨው ያነሰበት ሽሮ ይቅረብ፤ ቋንታ፣ ሚጥሚጣና ቡና በጨው ከእራት በኋላ አይሁኑ። በደብተርዎ ላይ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደ ተነሡና ጠዋት እንዴት እንዳነጉ በአጭሩ ይጻፉ፤ ለውጥ ካለ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው።

ደረጃ 9፦ የደም ግፊትዎን ከመጀመርዎ በፊትና ከስድስት ሳምንት በኋላ ይለኩ

ከመለካትዎ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ፣ ዳገትም አይውጡ፤ ሽንትዎን ይሽኑ፤ ጀርባዎን ደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ መሬት አስረግጠው አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ፤ ክንድዎ በልብዎ ትክክል ይሁን። ከገበያ ሮጦ መጥቶ የተለካ ግፊት ያሳስታል። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ የሕክምና ክትትል ያስፈልገዋል። ልኬቱ 180/120 ከደረሰና የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የንግግር መተሳሰር ካለበት ጨው የመቀነስ ጊዜ ሳይሆን በፍጥነት ወደ ሆስፒታል የመሄድ ጊዜ ነው።

በተደጋጋሚ የሚታዩ ስሕተቶች

ለታመመው ሰው ብቻ ጨው የሌለው ወጥ ለይቶ ማቅረብ። ከስሕተቶች ሁሉ የበለጠ ያሳስበኛል። አባት ወይም እናት ከመሶቡ ተለይተው ለብቻቸው ሲበሉ ይከፋቸዋል፤ ብዙም ሳይቆዩ ወደ ድሮው ይመለሳሉ። ሌላው ቤተሰብም ከዚያው ጨው እየበላ ወደዚያው ሕመም ይሄዳል። የድስቱ ጨው ለሁሉም ይቀነስ፤ ተጨማሪ የሚፈልግ በገበታ ላይ ቁንጥር ይውሰድ።

ጨውን ከእነ አዮዲኑ መተው። መቀነስ ማለት አዮዲን የሌለው ጨው መግዛት ማለት አይደለም። ያነሰውም ጨው አዮዲን ያለው ይሁን፤ ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ እናቶች በተለይ። ጨውን አጥቦ ማድረቅ፣ ክፍት አድርጎ በፀሐይና በምድጃ አጠገብ ማስቀመጥም አዮዲኑን ያጠፋል።

ሌላ ዓይነት ጨው የማይጎዳ መምሰል። የባሕርም ይሁን የድንጋይ፣ ነጭም ይሁን ሮዝ፣ ጨው ሶዲየሙ ያው ነው። የተለየው ከሶዲየሙ ከፊሉ በፖታሲየም የተተካ ምትክ ጨው ነው። በቻይና 600 በሚሆኑ የገጠር መንደሮች ተሠርቶ በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ይህን የተጠቀሙት ላይ ስትሮክ (የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ወይም መድማት) በ14 በመቶ ያነሰ ሆኗል። ነገር ግን የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ወይም እንደ ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ያሉ የደም ግፊትና የልብ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ፖታሲየም በደሙ ውስጥ በዝቶ የልብ ምቱን ሊያዛባው ስለሚችል ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዳይነካው።

ለሕፃን ምግብ ጨው መጨመር። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ገንፎና አጥሚት ላይ ጨው አያስፈልግም፤ ለእናት ምላስ ያልጣፈጠ ለሕፃኑ ልክ ነው።

ጭንቀትን ሁሉ ለጨው መስጠት። ጨው ቀንሰው፣ እንቅልፍዎም ተስተካክሎ፣ ጭንቀቱ፣ ተስፋ መቁረጡ ወይም ፍርሃቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ሥራ ካስፈታዎት ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካመጣብዎት፣ ይህ ራሱን የቻለ ሕክምና ያለው ሕመም ነውና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይንገሩ፤ ወይም በቅርብዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ሲሄዱም የጨው ደብተርዎን ይዘው ይሂዱ፤ የእንቅልፍዎና የደም ግፊትዎ መዝገብ ለባለሙያው ብዙ ይነግረዋል።